መቃብር ያጣው ድንጋይ

ከትምህርት ጋር የተጣላነው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። አስተማሪያችን የዓለምን ካርታ ሰቅሎ «ደሴታችን የቷ ናት?» ቢለኝ ዝንብ ያረፈችበትን ነጥብ በጣቴ አሳየሁት። ዝንቧ በእውነትም ግሬናዳ ላይ ነበረች። እሱ ግን ያፌዝብኛል ብሎ በአርጩሜ ለመጠጠኝ። እውነት ተናግሬ ከተገረፍኩ ውሸት ምን አጠፋ ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። መርከብ በሚመጣባቸው ወራት፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ሴንት ጆርጅስ ወደብ የሚወርዱትን እንግዶች በአሮጌ ሚኒባሴ አሳፍሬ ከተማውን አዞራለሁ፤ መርከቡ አሥር ሰዓት ላይ ሳይሄድ እመልሳቸዋለሁ። በዚያች ጊዜ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ተናግሮ የሚጨርስ ሰው የለም። ስለዚህ እኔ እፈጥራለሁ። ከምሽጉ ሥር ያለውን ዋሻ መንገድ አንዲት አህያ ከባሏ ተጣልታ በርግጫ ነው የበሳችው እላለሁ። የቤቶቹ ጣሪያ ቀይ የሆነው አንድ ክረምት ቲማቲም ስለዘነበ ነው እላለሁ። ይስቃሉ፤ አንዳንዱም ማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

ከሁሉም የሚወደድልኝ ግን የካፒቴን ሞርዶ ሚስት መቃብር ነው። ሞርዶን የፈጠርኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከከተማው በላይ ባለው መካነ መቃብር፣ ምሳዬን እየበላሁ ነው። አንድ ዓይና የባሕር ወንበዴ፣ ሚስቱ ሰጥማ የሞተችበት። ሐዘን በተቀመጠበት ቀን ሁሉ ጠልቆ አንድ አንድ ዛጎል እያወጣ መቃብሯ ላይ ደረደረ፤ ስድሳ ሦስተኛው ላይ ሳንባው ፈነዳ። ይህን ስናገር አንዲት የአየርላንድ ሴት ዛጎሉን ስማ አልቅሳለች።

ዛጎሎቹ ግን የሞርዶ አልነበሩም። እኛ ዘንድ ድሃ ሲሞት ስም የተጻፈበት ድንጋይ አይቆምለትም። የሕፃን ራስ የሚያህሉ ትልልቅ የባሕር ዛጎሎች ይደረደሩለታል። አንዱ ቤተሰብ ክብ ያደርጋቸዋል፣ ሌላው አፋቸውን ወደ መሬት ይደፋል፣ ሌላው ሁለት ሁለት ያጣምራል። ሰው የወንድሙን የእጅ ጽሕፈት እንደሚለይ ቤተሰብም በዛጎሉ አደራደር ሙታኑን ይለያል። እኔ ደግሞ ለስንት ዓመት ማንም ሲጠይቃቸው ካላየኋቸው መቃብሮች ላይ ዛጎል እየለቀምኩ አንድ ጥግ ከመርኳቸው። ስድሳ ሦስት ዛጎል፣ ግማሽ ቀን ሥራ። ከክምሩ በታች ማንም አልተቀበረም፤ ባዶ መሬት ነው። ያን ጊዜ እየሳቅኩ ነበር የሠራሁት።

ባለፈው የካቲት፣ በአንዱ ሐሙስ፣ ወደቡ በር ላይ ቆሜ ሰው እጠብቃለሁ። የገውዝ ቅመም ሐብል የምትሸጠው ቬርና እንደ ልማዷ ጀመረችኝ።

«አልባን፣ ዛሬስ የካፒቴኑን ሚስት ለስንተኛ ጊዜ ልትቀብራት ነው?»

«አንቺን ግን ቬርና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምቀብርሽ።»

«እሷስ ታድላለች። የኔው ባል ሃያ ዓመት ሙሉ ባሕር ሲወርድ አንድ ዛጎል አላመጣልኝም፤ ሽታውን ብቻ።»

እየተሳሳቅን ሳለን ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተቱ መጡ። ሻንጣውን ወደ ሚኒባሱ ላነሳ ብል ወገቤ ተንቋቋ።

«እመቤት፣ የመርከቡን መልሕቅ ነቅለው ነው እንዴ የመጡት?»

አልሳቁም። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ብቻቸውን ስለነበሩ ሌላ ሰው ልጠብቅ ብል «ሂድ» አሉኝ። ዋሻው ጋ ስንደርስ አህያዋን ጀመርኩ። ርግጫው ላይ ስደርስ አሮጊቷ በእኛው በደሴቲቱ አነጋገር፣ ያውም በድሮው፣

«አህያዋንማ አውቃታለሁ። የአባትህ እህት ናት» አሉኝ።

ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባውን አምባረቀብኝ።

«የዚህ አገር ሰው ነዎት እንዴ፣ ታንቲ?» አልኳቸው። ታንቲ አክስት ማለት ነው፤ እናት ለምትሆነን ሁሉ የምንለው ነው።

«ኢግናሺያ ኖኤል እባላለሁ። እዚህ ገበያው ጀርባ ነው የተወለድኩት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ሄድኩ፤ ይኸው ዛሬ ነው የተመለስኩት። ከሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላ።»

«ከዚያ ሁሉ በኋላ ለስምንት ሰዓት?»

«ልብሽ አውሮፕላን አይችልም አለኝ ሐኪሙ። ልጄ ጆስሊን በመርከብ ላዝናናሽ ስትለኝ፣ የትኛው መርከብ ነው እዚህ የሚቆም ብዬ እኔው መረጥኩ። እሷ አሁን ባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተጋድማለች። ገበያ ገውዝ ልገዛ ነው ብያታለሁ። ብታውቅ ይህን ድንጋይ ይዤ እንድወጣ አትፈቅድልኝም ነበር።»

«የምን ድንጋይ?»

ወደ ኋላ ዞረው ሻንጣውን ከፈቱት። በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ እምነ በረድ፣ የትሪ ያህል ነው። ላዩ ላይ «ዩፊሚያ ኖኤል» ተብሎ ተቀርጿል።

የእናታቸው ወገን ከካሪያኩ ነው፤ ከኛ በስተሰሜን ካለችው ትንሽ ደሴት። ካሪያኩዎች ሰው በተቀበረበት ቀን ሐዘኑ አለቀ አይሉም። ዓመት ይሁን ሃያ ዓመት፣ ቤተሰቡ ሲችል ስሙ ያለበትን ድንጋይ ያሠራል፤ ድንጋዩ ቤት ገብቶ እንደ ሰው አልጋ ላይ ይተኛል፣ አንሶላ ይለብሳል፣ ከዚያ ወደ መቃብሩ ተወስዶ ውሃና ረም የሚባለው የሸንኮራ አረቄ ፈሶበት ይተከላል። እስከዚያ ሟቹ ቆሞ ነው የሚጠብቅ።

«አሥራ አንድ ነበርን» አሉኝ። «እያንዳንዳችን ድንጋዩን ሌላው ያስተክላል እያልን ቀረን። አሥሩ ሞቱ። እናቴ በሕልሜ ትመጣለች፤ አትናገረኝም፤ በሩ ላይ ትቆማለች። እኔ ስሄድ ደግሞ የሚያስታውሳት የለም።»

«ቀብሩ የት ነው?» አልኩ። ሳልጠይቅ አውቄዋለሁ።

«ከላይ ያለው፣ ባሕሩን የሚያየው።»

 መሪውን ወደ ዳገቱ ማዞር ሲገባኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞርኩ። «መጀመሪያ የቀብር መዝገቡን እንይ ታንቲ፤ ከዚያ ፍለጋው ይቀላል» አልኳቸው። ጊዜ መግዛቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቀው ሰው ግን ገና በሩ ላይ ሆነን ራሱን ነቀነቀ። ከዓመታት በፊት የመታን ትልቅ አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ሲወስድ የድሮዎቹ መዝገቦች ሦስት ቀን ዝናብ ጠጡ፤ ከዚያ በአካፋ ነው የወጡት አለን።

ታንቲ ኢግናሺያ አልደነገጡም። «መዝገብ መቼ ጠየቅኩህ? ዛጎሎቹን አውቃቸዋለሁ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ለአንድ ልጅ አንድ። ሁሉም አፋቸው ወደ ባሕሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ራስጌዋ ላይ ቆሟል። እሱን ያቆመው ታላቅ ወንድሜ ነው።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከመካነ መቃብሩ ደረስን። ሻንጣውን እየጎተትኩ ከኋላቸው ተከተልኩ። በየመቃብሩ ይቆማሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ሣሩን በጫማቸው ይከፍታሉ። እኔም አብሬ ጎንበስ እላለሁ፤ እንደሌለ የማውቀውን ነገር አብሬ እፈልጋለሁ። አንድ ሰዓት ሄደ። ላባቸው በባርኔጣቸው ሥር ይወርዳል።

«እዚህ ነበር» ይላሉ። «ከዚህ ምሽጉ በቀኝ እጅ ይታይ ነበር። ወይስ ዛፉ ነው የጋረደኝ?»

በመጨረሻ ወደዚያ ጥግ ደረስን። ሌላ አስጎብኚ ስምንት እንግዶች ሰብስቦ የኔኑ ታሪክ ያወራል። ከኔ ሰርቆ፣ ያውም አበላሽቶ፤ ሞርዶን ሁለት ዓይን ሰጥቶታል። እንግዶቹ ክምሩን ፎቶ ያነሳሉ።

«ማነው እዚህ ያረፈው?» አሉኝ ታንቲ። «ማነው ይህን ሁሉ ዛጎል የወሰደ?»

ምላሴ በለመደው በኩል ተፈታ።

«እሱን ተዉት፣ የቱሪስት ነገር ነው። ታንቲ፣ አሁን ትዝ አለኝ፤ ዛጎሎቹን ልጆች ሳይወስዷቸው በፊት አይቻለሁ። አሥራ አንድ፣ አንዱ የቆመ። ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ ነበር» አልኩና ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ያለችውን አንዲት ምንም የሌለባት ጉብታ አሳየኋቸው።

ፊታቸው በራ። ያንን ብርሃን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድንጋዩን ከሻንጣው አወጣሁላቸው፤ አንሶላውን ራሳቸው ገለጡት። ከቦርሳቸው ትንሽ የረም ጠርሙስና ውሃ አወጡ። «እማ፣ ኢግ ነኝ» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን ራስጌ ላይ ሊያሳርፉ ጉብታውን በስንዝራቸው ይለኩ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ስንዝር ላይ ጉብታው አለቀ።

እጃቸውን እዚያው እንደዘረጉ ቆዩ።

«እናቴ ረጅም ሴት ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ልጅ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ያለው የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም ታንቲ።»

«አታውቅም። የእናቴንስ?»

እዚያው ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኳቸው። ሞርዶን፣ ምሳዬን፣ ስድሳ ሦስቱን፣ አንድ በአንድ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ በያዙት ጠርሙስ ቢመቱኝም ቅር አይለኝም ነበር። እሳቸው ግን የረሙን ጠርሙስ ከደኑት።

«ከየትኛው ከየትኛው እንዳነሳህ አስታውስ» አሉኝ። «አሁን። ቀስ ብለህ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አስቤ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ነገር ነው፤ ያውም እየዘፈንኩ ነበር የምለቅመው። ሁለት መቃብር ብቻ ትዝ አለኝ፤ አንደኛው ክብ ነበር፣ ሌላው በግምቡ ሥር። ሁለቱም የሳቸው እናት መቃብር አልነበሩም። የፈለግኩትን ሁሉ ከባዶ ስፈጥር የኖርኩት ሰውዬ የሆነን ነገር ማስታወስ አቃተኝ።

እንግዶቹ ሄደው ነበር። ታንቲ ወደ ክምሩ ሄደው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ያገላብጡ ጀመር። ሲደረደሩ ውስጣቸው ሮዝ እንደነበረ ነገሩኝ፤ የሳቸውን ገና በዘጠኝ ዓመታቸው ራሳቸው ተሸክመው እንዳመጡት። አሁን ሁሉንም ፀሐይ በልቷቸው እንደ አጥንት ነጥተዋል። ስድሳ ሦስቱንም ነኩ። አንዱንም አላወቁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመርከቡ ጥሩንባ ከታች ነፋ።

«እዚህ ልጅ ላይ ልተክለው ታንቲ?» አልኩ። «እግዜር ያውቃል፤ የልጁ እናትም ብትሆን አትጠላም።»

«የሌላ ሰው ልጅ ላይ የእናቴን ስም? አንተ አሁንም አልገባህም።» ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘንበል ብለው ከጉብታዋ ላይ የወደቀ የማንጎ ቅጠል አነሱ። ከዚያ ድንጋዩን በአንሶላው ጠቅልለው ሰጡኝ። «በርሚንግሃም ይዣት አልመለስም። እዚያ ማንም የላትም። ቤትህ ውሰዳት። አልጋ አለህ?»

«አለኝ።»

«አስተኛት። ቦታዋን እስክታገኝ ካንተ ጋር ናት።»

ወደ ወደቡ ወረድን። ቬርና ከሩቅ «አልባን፣ ዛሬ ቀበርካት?» ብላ ጮኸችብኝ።  ታንቲ የስልክ ቁጥሬ ያለበትን ካርድ ተቀብለውኝ፣ ባዶውን ሻንጣ በአንድ እጃቸው እየጎተቱ ወደ መርከቡ ሄዱ። ባዶ ሆኖ እንኳን ከበዳቸው።

በማግሥቱ ዛጎሎቹን ከክምሩ አነሳሁ። ወዴት እንደምወስዳቸው ግን አላወቅኩም፤ በግምቡ ሥር ደርድሬ ተውኳቸው። የከተማውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየዞርኩ ስለ ዩፊሚያ ኖኤል ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። አንድ ሽማግሌማ «መጨረሻው ምንድነው?» ብሎ ቀልዱን እስክጨርስለት ጠበቀኝ።

ግንቦት ውስጥ ጆስሊን መልእክት ላከችልኝ። እናቷ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ድንጋዩ ተተከለ ወይ እያሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። «እባክህ አንድ ፎቶ ላክልኝ» ትላለች። «የትኛውም መቃብር ይሁን፤ ድንጋዩ ላዩ ላይ ይታይ እንጂ። እሷ አታውቅም። አንተ ደግሞ ይህ ሥራህ ነው ብላኛለች።»

ድንጋዩን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። ቀላል ነበር፤ አንድ ጉብታ፣ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ማንሳት። ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድኩ ክንዴ እስኪደነዝዝ ዞርኩ። ባስቀምጠው ብዬ ጎንበስ ባልኩበት ሁሉ ሥሩ ያለውን ሰው አላውቀውም። ተመልሼ ወረድኩ። አልጋዬ ላይ አስተኝቼው፣ አንሶላውን እስከ ስሙ ድረስ ገልጬ ፎቶ አነሳሁትና ላክሁ። «ከኔ ጋር ናት፤ እየፈለግኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። «እማዬ ማክሰኞ ዕለት አረፈች። ያንተን ፎቶ አላሳየኋትም። ተተክሏል፣ ባሕሩን ያያል ብዬ ነገርኳት» ይላል።

ስለ ድንጋዩ አልጠየቀችኝም። እኔም ልላክልሽ ወይ አላልኳትም። አልጋው ላይ ነው፤ እኔ መሬት እተኛለሁ።