ሁለት ሲስተም የተጫነበት ባል

ባለፈው ጥቅምት ባሌ መኩሪያ ላይ ሁለተኛ ሲስተም አስጫንኩ። የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፈቃድ ክፍል ስለሠራ ሌላ አልነበረውም። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ ስለው "ማመልከቻ አስገቢ" ይለኛል። ቀልድ አይደለም፤ አስገብቼ አውቃለሁ።

ሥራውን የሠራው ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ኮምፒውተር የሚጠግነው ሲራክ ነው። አንዱ ዲስክ ላይ ሁለቱን ሲስተሞች ጎን ለጎን ጫነ፤ ትዝታውን በሙሉ ግን ወደ ሌላ ዲስክ አዛወረ። ሲስተም ቢበላሽ እሱን ብቻ አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፣ ዕቃው፣ ማለትም ትዝታው፣ አይነካም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መኩሪያ ዓይኑን ሳይገልጥ ግንባሩ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፦ "መሥሪያ ቤት" እና "ቤት"። በአሥር ሰከንድ ውስጥ አንዱን በጣቴ ካልነካሁ የመሥሪያ ቤቱ ይነሣል።

የቤቱ ደስ የሚል ሰው ነበር። ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ ከልጃችን ከምንትዋብ ጋር ዳማ ይጫወታል፣ ሲሸነፍ ይስቃል። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ሁለት ባል አገባች ተብሎ ተወራ፤ የማጥበው ልብስ ግን የአንድ ሰው ነው።

ሚያዝያ ላይ የቤቱ መንቀርፈፍ ጀመረ። ጠዋት የጠየቁትን ምሳ ሰዓት ላይ ይመልሳል። እሑድ ደግሞ ምንትዋብን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ሲራክን ጠራሁት፤ የቤቱን ሲስተም አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። መኩሪያ ሲነሣ የእናቱን መቃብር ቦታ፣ የቤታችንን ካርታ ቁጥር፣ የእኔን የደም ግፊት መድኃኒት ስም አንድም ሳይሳሳት ተናገረ። ምንትዋብ ውሃ ይዛ ስትገባ ብድግ ብሎ ተቀበላትና "የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?" አላት።

ሲራክ ለአፍታ መረመረው። "ልጅቷን ከዕቃው ዲስክ አውጥቶ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጧት ነበር" አለ። "ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው። የሚወደውን ፊት ለፊቱ ሊያየው ይፈልጋል እንጂ ፎልደር ውስጥ አይከትም።" ዴስክቶፑ ከሲስተሙ ጋር አብሮ እንደሚጠፋ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። የሚታወቅ ነገር መስሎት ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሑድ የመሥሪያ ቤቱን አስነሣሁ። እሱ ቢያንስ ልጅ እንዳለችው ከልደት ምስክር ወረቀቷ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል ሲሉት፣ ጉዳያቸው እየታየ ስለሆነ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንዲመለሱ ነገራቸው። በጣም ተደሰቱ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የማይል አባት ዛሬ የት ይገኛል፣ ልጁን የሚያከብር ሰው ነው እየተባባሉ ወጡ። ምንትዋብ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

በማግስቱ ጠዋት ቀድማኝ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ዛሬ አትንኪው" አለችኝ። "አባዬ ራሱ ይምረጥ።"

ፈራሁ፤ ግን አልነካሁትም። አሥሩ ሰከንድ አለቀ። የመሥሪያ ቤቱ አልተነሣም፣ የቤቱም አልተነሣም። ሁለቱ መስመሮች ከግንባሩ ላይ ጠፉ። መኩሪያ በሁለቱም ሲስተም ሹሩባ መሥራት አያውቅም። ዓይኑ እንደተከደነ ሁለቱ እጆቹ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጡ፤ በዳበሳ የምንትዋብን ጸጉር አገኙና ለሦስት ከፍለው ቀስ ብለው መጎንጎን ጀመሩ።