ከነአባቷ ስም

«አቁሙ» አለች ወሰንየለሽ። ድራሙ ግን ሁለት ጊዜ ከመታ በኋላ ነው ያቆመው። «ደግነት፣ ወዴት ነው የምትሮጠው? የሚያመልጥህ አውቶቡስ የለም።»

ደግነት ሳቀ። ሳክስፎኑን የያዘው ሰሊሆምም ሳቀ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው፣ ሥራ ሲፈልጉ አርባ ምንጭ የቀሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ሴቻ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለው በዚህ ሆቴል አዳራሽ ከወሰንየለሽ ጋር ይጫወታሉ። በመስኮቱ በኩል አባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ድምፅ ሊቀርጽ ከአዲስ አበባ የመጣው ክንፉ ገመዶቹን እየዘረጋ ነበር። ክንፉ ነገ ማለዳ ተመላሽ ነው፤ ዛሬ ያልተቀረጸ ዘፈን ሳይቀረጽ ይቀራል።

«ይህች ዘፈን አትቸኩልም» አለች ወሰንየለሽ። «አባቴ ሸማ ሲሠራ የሚያንጎራጉራት ናት። መወርወሪያውን እየላከ አንድ ስንኝ ይላል፣ ከዚያ እኛ ልጆቹ እንቀበለዋለን። ካልተቀበልነው አይቀጥልም። ስለዚህ እዚህ ጋ ስደርስ ሁላችሁም ዝም በሉ። ቦታውን ክፍት ተዉት።»

«ማን ሊቀበልሽ ነው ታዲያ?» አለ ሰሊሆም። «በሳክስፎን ልሙላው እንዴ?»

«አትሙላው። ሰው እንደጎደለ ይሰማ።»

ስለ መቀበል ለወሰንየለሽ የሚነገራት የለም። በዶርዜ ዘፈን ማንም ብቻውን አይዘፍንም፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ በሌላው ውስጥ ይገባል። እሷም ይህንኑ ይዛ፣ አባቷ ሸማ ይሠራበት ከነበረው ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ወደ ከተማው ክለቦች ወረደች። የሶል ሙዚቃ የሚጫወቱትም ጃዝ የሚጫወቱትም ከኋላ አቆሟት። ወጣትነቷ የሰው ዘፈን ስትቀበል አለቀ። በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም፣ የአቀናባሪው ስም፣ የፎቶ አንሺው ስም ሳይቀር ይጻፋል፤ እሷ ግን «ተቀባዮች» ከተባለች ትልቅ ነገር ነው። ብቻዋን መዝፈን ከጀመረች በኋላም ማስታወቂያው የሚያውቃት «ወሴ» ብሎ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ አርባ ምንጭ ገባች። የአባቷን ዜማዎች ከጃዝ ጋር አዋሐደቻቸው፤ ከምዕራብ አባያ የሙዝ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሊሰሟት ይመጡ ጀመር። በዚህ ሳምንት ደግሞ በሌላው ሰፈር፣ በሲቀላ አደባባይ ላይ በትልቁ «ወሰንየለሽ ወልደ ሚካኤል» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ያን ቀን ባጃጅ ይዛ አደባባዩን ደጋግማ ዞረችው። ባለ ባጃጁ መንገድ የጠፋት መስሎት ነበር።

በሩ ተከፈተና ፀደይ ገባች። ፀደይ የወንድሟ የአሸናፊ ልጅ ናት፤ ሠርጓ ደርሷል።

«አክስቴ፣ አባዬ ሽማግሌ ይዞ እየመጣ ነው» አለች ትንፋሿን ሳትሰበስብ። «ከዶርዜ ድረስ ሄዶ ነው ያመጣቸው። ሳር ይዘዋል።»

ደግነት የድራሙን እንጨቶች ቀስ ብሎ አስቀመጣቸው። የዶርዜ ጎረቤት የጨንቻ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገብቶታል። በጋሞ ምድር ሽማግሌ ለምለም ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ያንን ሳር የሚሻገር የለም። ዱላ ያነሳ ዱላውን ይጥላል፤ ለበቀል የወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ሰው ገደልኩ እንዴ?» አለች ወሰንየለሽ።

«የእጮኛዬ አባት ማስታወቂያውን አዩት። ‹ሆቴል ውስጥ የምትዘፍነው ይህች ሴት የእናንተ ናት?› ብለው አባዬን ጠየቁት። አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ‹ወሴ ስትባል ማን ያውቃት ነበር፤ አሁን የአባቴን ስም አደባባይ ላይ ሰቀለችው› ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ፀደይ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ልጁን እወደዋለሁ። አንቺንም እወድሻለሁ። ምን ልበል? በወጥ ቤቱ በኩል መውጫ አለ አሉኝ፤ ባጃጅ አቁሜያለሁ። ሲያጡሽ ይመለሳሉ። ከዚያ መጥተሽ ትዘፍኛለሽ።»

ምክሩ ብልህ ነበር። ወሰንየለሽ ብልህ ምክር ሰምታ አታውቅም ማለት ይቀላል።

«የኔ ቆንጆ፣ በወጥ ቤት በር ስገባና ስወጣ ነው ያረጀሁት። ዘፋኙ በፊት ለፊት ሲገባ፣ እኔ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር። ዛሬ እንግዶቼን የምቀበለው በዋናው በር ነው። ባጃጁን ሸኚው።»

ቀሚሷን አስተካክላ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ገብተው ነበር። ትከሻ እየሳመች፣ የዶርዜን ሰው ደህንነት እየጠየቀች ሳለች፣ አሸናፊ ከፊት ከፊት እየመራ ወደ አዳራሹ በር ወሰዳቸው። እሷ የመጨረሻውን ሰው ስማ ስትዞር ነገሩ አልቋል። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተንበርክከዋል፤ ሳሩ ከመቃን እስከ መቃን ተዘርግቷል። መድረኩ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ። ኩራቷ አስወጣት እንጂ ውስጥ ቁጭ ብላ ቢሆን ኖሮ ማይኩ በእጇ ነበር። ተናደደች፤ ከሁሉም ይልቅ በራሷ ተናደደች።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሸዋንዳኝ እየሮጠ መጣ። ለአገሩ አዲስ ነው። «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ እንግዳው እየገባ እኮ ነው። ፖሊስ ልጥራ?»

«ፖሊሱም መጥቶ መቆሙ ነው» አለ የሆቴሉ ዘበኛ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባ ኤርጫፎ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ሳሉ ከአባቷ ጎን ሸማ ሠርተዋል፤ አሸናፊን ጭናቸው ላይ አሳድገዋል። አማርኛ ሲናገሩ አንተንና አንቺን ለይተው አያውቁም።

«ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሏት።

«ደህና ነኝ አባ። ለእኔ ብለው ጉልበትዎን ባያደክሙ ይሻል ነበር።»

«አሸናፊ ‹የወልደ ሚካኤል ቤት እየፈረሰ ነው› ብሎ መጣ። የወዳጄ ቤት ሲፈርስ እንዴት እተኛለሁ?»

ወሰንየለሽ ከሳሩ ወዲህ ተንበረከከች። ለመድረክ የለበሰችው ጥበብ ቀሚስ አቧራው ላይ ተነጠፈ።

«ምን እንድተው ነው የሚለምኑኝ? ዘፈኑን ነው?»

አባ ኤርጫፎ ወደ አሸናፊ ዞሩ።

«ዘፈኑን አላልኩም» አለ አሸናፊ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሟል፤ ላብ ፊቱን አጥቦታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ አባት ነው። «እንጀራሽ ነው፣ ዝፈኚ። የአባታችንን ስም ግን ተዪው። ከማስታወቂያውም ይነሳ፣ ከሚቀረጸውም ይውጣ። ወሴ በይው። ወሴ ምን አላት?»

«ወሴ አባት የላትም።»

«ወሰንየለሽ፣ ልጄን ልድር ነው።»

«ዳር። ማን ከለከለህ?» ድምጿ ሳይጨምር ፊቷ ብቻ ጠቆረ። «አባታችንን ሽሮ ሜዳ ምን ይሉት እንደነበር ረሳኸው? ‹ቁጢት በጣሽ› እያሉ ሸማኔነቱን ይሰድቡት ነበር። የሠራውን ሸማ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ እሱን ግን ከሸማ ጉድጓዱ ሲወጣ ሰላም አይሉትም። ስሙን ደበቀ? ‹እጄ የሠራውን እስከ ለበሱ ድረስ አፋቸው ያሻውን ይበል› ነበር የሚለው። አንተ ደግሞ በእሱ ሙያ ሱቅ ከፍተህ በሩ ላይ ‹ወልደ ሚካኤልና ልጆቹ› ብለህ ጻፍክ። እኔ ከልጆቹ ውስጥ የለሁበትም?»

«ሸማና ዘፈን አንድ አይደለም።»

«አባታችን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነበር የሚሠራው። አንተም ትቀበለው ነበር።»

አሸናፊ ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። አባ ኤርጫፎ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

«አሸናፊ፣ ደም አለ?»

«የለም።»

«የመሬት ጠብ አለ?»

«የለም አባ።»

«ለስም ነው ከተራራ ያወረድከኝ? ይህን ሳር ለስም ነው ያስያዝከኝ?»

«ቤት እንዳይፈርስ ብዬ ነው።»

 ሽማግሌው አፍረዋል፤ ማፈራቸውም ያስታውቃል። ነገሩን አጣርቶ ሳይሰማ ሳር የያዘ ሽማግሌ አገር ይስቅበታል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአንዱን ብቻ ሰምቼ መጣሁ» አሉ። «ግን ሳር ከተዘረጋ ተዘረጋ ነው። የተጣሉት ሳይስማሙ እኔም አላነሳውም። አሸናፊ፣ ትስማማለህ?»

«አልስማማም።»

«አንተስ ልጄ?»

«ስሜን አልተውም» አለች ወሰንየለሽ።

«እንግዲህ እዚሁ ነን» አሉ አባ ኤርጫፎ፣ ጉልበታቸውን አመቻችተው።

ፀሐይ ወደ ተራሮቹ እያዘቀዘቀች ነው። እንግዳው ግቢውን ሞልቶ ቆሟል፤ የሚሄድ የለም። ክንፉ በአዳራሹ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ወሴ፣ ምን ይሻላል? ዕቃዬን ልጠቅልል?»

ወሰንየለሽ ሳሩን አየችው። ረግጣው ብትገባ የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን የወልደ ሚካኤል ልጅ ነኝ ማለት አትችልም። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች።

«ማይኩን በመስኮት አውጣልኝ» አለች።

«እ?»

«ማይኩን። ድራሙንም፣ ሰሊሆምንም። በበሩ ማንም እንዳይወጣ፣ በመስኮት። ሳሩ ያለው በሩ ላይ ነው፤ ጉሮሮዬ ላይ ማንም ሳር አላስቀመጠም።»

ዘበኛው ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ መስኮቱ ሄደ። ድራሙ በቁራጭ በቁራጭ ወጣ፤ ሰሊሆም ሳክስፎኑን አቅፎ ዘለለ። ሸዋንዳኝ መጀመሪያ «የሆቴሉ ዕቃ» ምናምን ሲል ቆየና፣ ኋላ ራሱ ወንበር ተሸክሞ ታየ። የማይኩን እግር ይዛ የመጣችው ፀደይ ነበረች።

«አማቶችሽ ቢሰሙ ምን ልትያቸው ነው?» አላት አባቷ።

«ከነአክስቴ ነኝ እላቸዋለሁ» አለች። የማይኩንም እግር ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

ክንፉ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። «ድምፅሽን እንድለካ ስምሽን ተናገሪ።»

«ወሰንየለሽ ወልደ ሚካኤል» አለች። ስሙ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግቢውን ዞረ። «የሸማኔው የወልደ ሚካኤል ልጅ።»

ዘፈነች። መጀመሪያ ዝቅ ብላ፣ ለራሷ እንደሚያንጎራጉር ሰው ጀመረች። ባስ የለም፣ የአዳራሹ ፒያኖም በመስኮት አልወጣም፤ ድራሙ ብቻ እንደ አባቷ እግር ሳይቸኩል ይረግጥላታል። ሳክስፎኑ አጠገቧ አጠገቧ ይሄዳል። የመቀበያው ቦታ ሲደርስ ሁሉም ዝም አሉ። ቦታው ባዶውን ቀረ። 

ሁለተኛውን ስንኝ አወጣች። ዝምታው ሊመጣ ሲል ግን ከሳሩ ማዶ አንድ የሻከረ ድምፅ ተቀበላት። አባ ኤርጫፎ ናቸው፤ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሽሮ ሜዳ ከወዳጃቸው ጎን እንደተቀመጡ።   ወሰንየለሽ ሦስተኛውን ስንኝ ከፍ አድርጋ አነሣችውና ወደ ወንድሟ ዞራ ጨረሰችው።

አሸናፊ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። ግን ይህ ቦታ የእሱ ነው፤ ልጅ ሳለ ከዚህ ቦታ ከቀረ የአባቱ እጅ መወርወሪያውን ይዞ ይቆም ነበር። አንድ ሐረግ አመለጠው። ወፍራም፣ ልክ የአባቱን የመሰለ ድምፅ ወጣው፤ እሱም ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ግን ዘግይቷል፤ ድምፁ ዘፈኑ ውስጥ ገብቷል።

ዘፈኑ ሲያልቅ አባ ኤርጫፎ ጎንበስ ብለው ሳሩን ይሰበስቡ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ አሸናፊ። «እኔ አልተስማማሁም።»

«ያልተስማማ ሰው ይቀበላል?» አሉ ሽማግሌው። «ሰምቼሃለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቶሃል።»

ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። አሸናፊ ጎንበስ ብሎ የአባ ኤርጫፎን ክንድ ይዞ አስነሣቸው። ክንፉ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ወሰንየለሽ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«በጣም ጥሩ ነበር። ችግሩ ከጎን የሁለት ሰው ድምፅ ገብቶበታል። አሁን በሩ ስለተከፈተ፣ መድረኩ ላይ ወጥተሽ ለብቻሽ በንጹሕ እንድገመው።»

ወሰንየለሽ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። መድረኩ መብራቱ በርቶ ይጠብቃታል፤ ሳሩ የለም፤ የሚከለክላትም የለም። አንድ ማይክ፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ስም። ለዚህ ነበር ዕድሜዋን የሰጠችው።

«አይደገምም» አለች። «ይልቅ ስማቸውን መዝግብ።»

«የእነማንን?»

«የተቀባዮቹን። አባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩት።»

ሽማግሌው ገርሟቸው፣ ድምፃቸውን ጠርገው «ኤርጫፎ ሊሻን» አሉ። ክንፉ ጻፈ። ከዚያ ወደ አሸናፊ ዞረ።

«የእኔ ይቅር» አለ አሸናፊ።

«አሹ ብዬ ላጽፍህ?» አለች ወሰንየለሽ። «አሹ ምን አለው?»

 አሸናፊ ልጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ‹ይቅር› ብሎ አልደገመም።

«ጻፍ» አለችው ክንፉን። «አሸናፊ ወልደ ሚካኤል። ከነአባቱ ስም።»