የእንግሊዙ ቤት

ኮልፌ ውስጥ «የእንግሊዙ ቤት» ሲባል የማያውቅ ሰው የለም፤ እንግሊዝ ግን ገብቶበት አያውቅም። የሠራው አናጢው መዝገቡ ነው። ዝናብ ኖረም አልኖረ ጥላ ይዞ ስለሚዞር፣ ቀጠሮ ስለማያዛንፍና ሲያሙትም ስለማይመልስ ሰፈርተኛው «እንግሊዙ» አለው። ስሙም እስከ ቀብሩ ድረስ ሸኘው።

አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት ልጁ እትዬ ዋጋነሽ ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለና በየአጥሩ ቀይ ቀለም ተቀባ። እሳቸውም እንደ ጎረቤቶቻቸው ዕቃ መሸከፍ ጀምረው ሳለ፣ ሳያት የምትባል የቅርስ ባለሙያ ሜትር፣ ካሜራና ቅጽ ይዛ ከች አለች።

የላካት ያደሳ ነው፤ አየር ጤና ጋራዥ ያለው ጎረቤታቸው። የዱሮ ቤት ስታጠያይቅ ሰምቶ፣ የእንግሊዙን ቤት አይተሽዋል ወይ አላት። ያደሳ ሰፈሩን ከተቀላቀለ ገና አሥር ዓመቱ ስለሆነ አልዋሸም፤ የሰማውን ነው የተናገረው።

ሳያት በረንዳውን አይታ ወደደችው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር እንደ ዳንቴል ተጠርቦ የተንጠለጠለውን እንጨት ደጋግማ ፎቶ አነሳችው። እንዲህ ያለ እጅ እዚያ አገር ብቻ ነው የሚገኘው አለች፤ እዚያ የት እንደሆነ እትዬ ዋጋነሽ አልጠየቁም። ከሁሉ የገረማት ግን ከቤቱ ማዕዘን እንደ ሳጥን ወደ ውጭ የወጣው ትልቁ መስኮት ነበር። ሌሎቹ መስኮቶች መንገዱን ሲያዩ እሱ ብቻ ጠመም ብሎ ወደ ዘነበወርቅ ያያል። እንግሊዞች አገራቸው ፀሐይ ስለማይጠግቡ መስኮታቸውን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞራሉ ስትል አስረዳቻቸው። በዚያ በኩል ፀሐይ ወጥታ አታውቅም። እትዬ ዋጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መስኮቱ የዞረው ወደ እናታቸው ነው። እናታቸው አልማዜ በሥጋ ደዌ ተይዛ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ስትገባ እሳቸው የሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። መዝገቡ ሊጠይቃት ቢሄድ፣ ፊቴን እንዳያይ ብላ ከበር አስመለሰችው። ቤቱ ያን ጊዜ ገና ጣሪያ እየለበሰ ነበር። ሰውየው አንዱን ማዕዘን አፈረሰና መስኮቱን አወጣ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ይቀመጣል። ከሜዳው ማዶ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ነጭ ነገር ሲወዛወዝ ካየ እጁን ያነሳል። አልማዜ ትሁን ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሷ እስክትሞት ድረስ አሥራ አንድ ዓመት እጁን አነሳ። ለሰው ግን አልተወራም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው በሽታ ከተሰማ ለልጅቷም ባል አይገኝላትም።

እትዬ ዋጋነሽ እውነቱን ሊያወጡት ፈለጉ። መጀመሪያ ግን ዳር ዳሩን ሄዱ፤ የአገር ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮስ ብለው ጠየቁ።

«እሱማ ቢሆን፣ እማማ» አለች ሳያት ከቅጹ ቀና ሳትል፣ «እንዲህ ያለ የጭቃ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል። ከሌሎቹ ጋር ይፈርስ ነበር። ዕድለኛ ነዎት።»

«ዕድለኛ ነኝ» አሉ።

«ለመሆኑ እርስዎ ለእንግሊዙ ምኑ ነዎት?»

ልጁ ነኝ ካሉ ቤቱ ሊሄድ ነው። ካላሉ ደግሞ አባትየው ሊሄድ ነው። እትዬ ዋጋነሽ መስኮቱን አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ።

«አባቴ ዘበኛው ነበር» አሉ።

ሳያት ጻፈች፤ እሳቸው ፈረሙ። የመዝገቡ ስም መዝገቡ ላይ ሳይሰፍር ቀረ።

ሰፈሩ በሦስት ሳምንት ተነሳ። ያደሳ ሊሰናበት መጥቶ፣ እኔም ቤቴን የጣሊያን ነው ብል ኖሮ እተርፍ ነበር እያለ ሳቀ፤ እሳቸው ግን መሳቅ አቃታቸው። ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «በእንግሊዛዊ መሐንዲስ የተሠራ፤ ስሙ አልታወቀም» ይላል። ምስማር መምታት ተከለከለ፣ ቀለም መቀየር ተከለከለ። ግድግዳው ላይ የነበረው የመዝገቡ ፎቶም ከቤቱ ታሪክ ጋር አይሄድም ተብሎ ወረደ። አሁን ያለው አልጋቸው ሥር ነው፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስተኝተውታል።

በመጋቢት፣ ዘርዓብሩክ የሚባል መምህር ቅርሱን ሊያስጎበኝ ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። መስኮቱ ለምን ጠመመ ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዋጋነሽ የፀሐዩን ነገር ሊሉ ጀምረው ተዉት።

«ሚስቱ ታማ ነበር» አሉ።

ከዚያ ማቆም አልቻሉም። በሽታውን በስሙ ጠሩት፤ ከበር መመለሱን፣ እሁዱን፣ አንሶላውን፣ አሥራ አንዱን ዓመት፣ ስልሳ ዓመት ለማንም ያልተነፈሱትን ሁሉ፣ «እሱ»፣ «እሷ» እያሉ ተናገሩ። ልጆቹ እየተሻሙ ጻፉ። መምህሩ፣ ፈረንጅ እንዲህ ይወዳል ብዬ አላስብም ነበር አለ። ጸሎት የምትባል ተማሪ ዓይኗን በክርኗ ጠራርጋ ደብተሯን ገለጠች።

«እማማ፣ ስሙ ማን ነበር?»

ስሙ አፋቸው ላይ መጣ። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ፣ ማዶ ደግሞ ጎረቤቶቻቸው ይኖሩበት የነበረውን የተጠረገ አፈር አዩ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «እንግሊዙ ነበር የሚሉት።»