ሰሜንን የሳተው ጭቃ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ውሸት ካለበት የግመሎቼ ወተት ይንጠፍ። ግመል የለህም እንዳትሉኝ፣ ሁለት አሉኝ።

ሥራችን ዓለት መሰርሰር ነበር። አታቦ የእኛው የቱርካና ልጅ፣ የእህቴም ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ እኔንና ጓደኛዬን ሎኪሪዮንን ቀጠረችን። ጥንት የቱርካና ሐይቅ ሥር የተኛ ጭቃም ሆነ ወንዝ ያመጣው አሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዚያን ዘመን ሰሜን እንዳየ ይቀራል አለችን። ጭራሽ ሰሜን ወደ ደቡብ የዞረበት ዘመን አለ! እኔ እንኳ እንዲህ ያለውን ለማውራት አልደፍርም።

እያንዳንዱን ናሙና ከመንቀላችን በፊት ኮምፓስ አስጠግተን ሰሜኑን በቀስት እንጭርበታለን። አሸዋውን ሎኪሪዮን ያዘ፣ ጭቃውን እኔ።

ከአራት ወር በኋላ አታቦ ውጤቱን ይዛ መጣች። ሰኞ ነበር።

«አሸዋው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያያል» አለች። «ጭቃው ግን ተበታትኗል። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፤ ደቃቅ ጭቃ ረግቶ ስለሚተኛ ሰሜንን አጥብቆ ይይዛል። መምህሬ ይህ ካልተቃና ጥናትሽ አያልፍም ብሎኛል። ያመጣኝ መኪና ደግሞ ዓርብ ይመለሳል።»

«ሐይቁ ሰክሮ ነበራ!» አለ ሎኪሪዮን።

«አንተ አስተምረኸው ነዋ» አልኩት።

አልሳቀችም።

በነጋታው ኮምፓሱን ጭቃው ላይ አስጠጋሁ። መርፌዋ ክንዴን ተከተለች። ወደ ቀኝ ስል ቀኝ፣ ወደ ግራ ስል ግራ፤ ጨው እንዳየች ፍየል።

ቀኝ እጄ አንጓ ላይ ወንዶቻችን የሚያጠልቁት ክብ የብረት ቢላ አለ። የወንድሜ የሎሙሪያ ነበር። የቀበርነው ቀን አጠለቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስተኛም አላወለቅኩት። ሎኪሪዮን የራሱን በመጠጥ ለውጦታል፤ አሸዋው ያልሳተው በዚያ ነው።

ሐይቁን ማማት እችል ነበር። አፌ ለዚህ ሰነፍ አይደለም። ግን ማማቱም ሰለቸኝ።

«አታቦ፣ ጭቃው አልሳተም። እኔ ነኝ።» ክንዴን አመላለስኩላት።

መርፌዋን ረጅም ጊዜ አየች። «ስንቱን ናሙና?»

«ሁሉንም። የእህቴ ልጅ፣ ስደቢኝ።»

«ስድብ ጊዜ ይፈጃል። አውልቀው።»

አንጓዬ አብጦ ይዞታል። በፍየል ጮማ አሽቼ እያለቀስኩ አወለቅኩትና እሾሃማው ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ቢላው ሥር የነበረው ቆዳዬ ገርጥቷል፤ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያ እስከ ሐሙስ ማታ ስልሳ ቀዳዳ ሰረሰርን። ዓርብ መኪናው ጭኖ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ መልእክቷን ሎኪሪዮን አነበበልኝ። «ጭቃው ሁሉ በአንድነት ወደ ደቡብ ያያል። አለፍኩ።»

«ደስ አይልህም አንተ?» አለኝ።

«ይለኛል» አልኩት።

አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ እያለቀስኩ አወለቅኩት ያልኩትን። አላለቀስኩም። ክንዴ ቀለለኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።