የጣሃ ጂፕ የጭስ ፈተና

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ባሌ ጣሃ ጦሩ የጣለውን ጂፕ በጨረታ ገዝቶ አዋሽ ሲገባ፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው ያለው ሰው አፍንጫውን ይዞ ተቀበለው። የጃንሆይ ዘመን መኪና ነው። ከኋላው የሚወጣው ጭስ የሻይ ቤቴን ብርጭቆ ሁሉ አጠቆረው። እሱ ግን ምን ተዳው፤ ደረቱን ነፍቶ ገበያውን ሁለቴ ዞረ። ባለመኪና መባል አምሮታል።

ለስም ብቻ ነው ብል ግን ሐሜት ይሆንብኛል። ሱቃችን ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ስኳርና አቡጀዲ ጭነን ከአዋሽ አርባ ማዶ ወዳሉት ከብት አርቢዎች ካልደረስን ማን ይገዛልናል? ያ ጂፕ እንጀራችን ነበር።

ችግሩ ደንቡ ነው። የጦር መኪና ወደ ግል ሲዞር የጭስ ፈተና ማለፍ አለበት። ካላለፈ ታርጋ የለም፤ ታርጋ ከሌለ የቤንዚን ኩፖን የለም፤ መኪናውም ለቀበሌው ገቢ ይሆናል። ልብ በሉ፣ በጦሩ እጅ ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት ሲያጨስ ማንም ለምን አላለውም። ማጨሱ ጥፋት የሆነው ጣሃ ሲገዛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣሃ እኔን ረሳኝ። የባቡር ጣቢያውን መካኒክ በለጠን ለምኖ ሞተሩን አስፈታ። ፋሻ የሚሉትን የፒስተን ቀለበት የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች ከሎጊያ አመጡለት። በለጠ ትንሽ ቢያጨስም ያልፋል፣ ይበቃሃል ቢለው እምቢ አለ፤ ጭራሽ እንዳያጨስ ፈለገ። ስወልድ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀልኝም።

በፈተናው ቀን ተቆጣጣሪው ጓድ ወልደገብርኤል በመንግሥት ላንድሮቨር መጣ። ላንድሮቨሩ ከማጨሱ የተነሳ፣ ቆሞ እንኳ ሰውየው እስኪታየን ድረስ ጠበቅን። ጥላሸቱን ከኮቱ አራግፎ ከሱቃችን ነጭ አቡጀዲ አስቀደደና በጂፑ ጭስ ማውጫ ፊት ዘርግቶ ያዘው። ካልጠቆረ ያልፋል ማለት ነው። ጣሃ ሞተሩን አስነሳ። በዚህ መሃል ወደ ሰሜን የሚዘምቱ የጦር ካሚዮኖች በአጠገባችን ተግተልትለው አለፉ፤ ጨርቁ ከሰል መሰለ። ጣሃ እንባው መጣ።

«አይዞህ ጓድ፣» አለው ተቆጣጣሪው ሌላ አቡጀዲ እያስቀደደ። «የመንግሥት ጭስ አይቆጠርም።»

ሁለተኛው ጨርቅ እንደነጣ ቀረ። ሰው አጨበጨበ። ጣሃ አልሐምዱሊላህ እያለ ጨርቁን ለመንገደኛው ሁሉ አሳየ። ጓድ ወልደገብርኤልም ጂፑን ዞሮ ዞሮ አየና፣ እንዲህ ያለ ሞተር በአውራጃው የለም አለ። ቀጥሎ ሾፌሩ ማነው ብሎ ጠየቀ።

ጭብጨባው ቆመ። በዚያን ጊዜ ባለሥልጣን እንዲህ ሲጠይቅ አዋሽ ውስጥ ያለ ሕፃን እንኳ ዝም ማለት ያውቅ ነበር። በለጠ አንገቱን ደፋ። እኔ የጣሃን ሽርጥ ከኋላ ጎተትኩት።

«እኔ ነኛ፣» አለ ጣሃ። «ባለቤቱም እኔ፣ ሾፌሩም እኔ።»

ጓዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለግንባር ደህና መኪና እየተፈለገ ነው፤ ጂፑ በነጋታው ከሚያልፈው ጦር ጋር ከነሾፌሩ ይዘምታል አለ። የጣሃ ፈገግታ ገና ከፊቱ አልወረደም ነበር። ወደ እኔ ዞሮ ነገሩ ባልገባው ሰው ዓይን አየኝ። ንዴቴ ጠፋ።

በነጋታው ካሚዮኖቹ ጣቢያው አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ግማሾቹ በግፊ ነበር የሚነሱት። ጣሃ መሪውን ያዘ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያ ገና ያልቆረስነው የቤታችን እንጀራ፣ ጂፑ፣ አልነሳም ብሎ እንዲቀር ዱዓ አደረግሁ።

በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

«ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው ኖሮ፣» አለ በለጠ ከጎኔ ቆሞ።