በደጇ ያለው ጫማ

አርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ያለው ግቢ ተከራዮች ኡምሰልማ ክፍል ተሰበሰቡ። ኡምሰልማ የቪዲዮ ካሴት ተከራይታለች። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንደወትሮው የምትተረጉመው ሀሲና ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ የምትሠራ።

ያን ቀን ግን የሀሲና ልብ ሌላ ቦታ ነበር። ጠዋት የግቢው ተከራይ ግንበኛው ዘሩባቤል የተገነጠለ ጫማውን እያሳያት፣ "እትዬ ሀሲና፣ የሪያድን ጫማ ብትሰጪኝ፤ ነገ የፈረሰውን ትምህርት ቤት ጣራ እንጀምራለን" ብሏታል። "ከፊልሙ በኋላ እነግርሃለሁ" አለችው። ባሏ ሪያድ በርበራ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ጫማው ግን ዛሬም ከደጇ አልተነሳም። እዚህ ብቻዋን የምታድር ሴት፣ ወንድ ያለበት ቤት እንዲመስል የወንድ ጫማ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ሀሲናም ለጠየቃት ሁሉ ምክንያቷ ይኸው ነበር።

ፊልሙ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ውሻ ታሪክ ነው። ጀልባዋ ባዶዋን ተመለሰች። ጎረቤትየዋ ውሻውን አቅፋ አንድ ነገር አለችው።

"ምን አለችው?" አለች ኡምሰልማ።

"ይዘገያል አለችው" አለች ሀሲና።

ውሻው የጌታውን ኮፍያ በአፉ ይዞ በየቀኑ ባሕር ዳር ይወርዳል። ዓመታት አለፉ፤ አረጀ። ኡምሰልማ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ውሻ ቢነካኝ በሃይማኖታችን ሰባቴ ነው የምታጠበው፤ ግን አንጀቴን በላው።"

"ዓሣውን ነው የሚጠብቀው" አለ ዘሩባቤል።

"አንተ ሁሉንም በሆድህ ነው የምትለካው።"

ፊልሙ አለቀ፤ ሰውየው አልመጣም። ኡምሰልማ ተናደደች።

"ካሴቱን ቆርጠውታል። ሳይመጣ ያልቃል እንዴ?"

"ሌላ ወደብ ላይ ሚስት አግብቶ ይሆናላ" አለ ዘሩባቤል።

"እንደዚያ ከሆነ አላህ ይይለት። ይህን የመሰለ ውሻ ትቶ!"

ሀሲና ይህን ዝም ብላ መስማት አልቻለችም።

"አልከዳውም" አለች። "መጀመሪያውኑ ሞቷል። ሴትየዋ ያለችው ሞተ ነው። ይዘገያል ያልኩት እኔ ነኝ።"

ኡምሰልማ ለሞተ ሰው እንደሚባለው ቀስ ብላ "ኢና ሊላሂ" አለች፤ ለማን እንደሆነ አልገለጸችም።

ሀሲና ወጥታ ጫማውን አቧራውን አራግፋ አመጣችው። ዘሩባቤል አቀረቀረ።

"ይቅር እትዬ። ሲሚንቶ ይበላዋል።"

"ይብላው። ጫማ ነው።"

"ደጅሽስ?"

"ያንተን አሮጌ አስቀምጥበት።"

ከአሱር ሶላት በኋላ ወደ ክፍሏ ስትመለስ፣ የተገነጠለው ጫማ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ደጇ ላይ ተቀምጧል። ሪያድ ሁልጊዜ ወደ ቤት አዙሮ ነበር የሚያወልቀው። ልታዞረው ጎንበስ አለች። እጇ ሳይደርስ ቀና ብላ ገባች።