ከብረት በሩ ወዲያ

አንድ ማታ ከቪዲዮ ቤት ተመልሶ «አይቶታል እኮ» ያለው አባቷ ነበር። እናቷ፣ «ታዲያ ለምን ማንም የለም አልካቸው?» አለችው። ልጅቱ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች፤ ከመጋረጃው ወዲያ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ትተኩስ ነበር። የአባቷን መልስ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ወሰደባትና «ወንድሜ» የምትል ቃል ብቻ ቀረቻት።

ዛሬ አባቷ ተቀብሮ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ዕድሜውን በቪዲዮ ቤት፣ ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም ሲተረጉም የኖረ ሰው ነው።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ውሻ ሲጮህ እንኳ ‹ጌታዬ፣ እንግዳ መጣ› ብሎ ይተረጉምልን ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ለቅሶ ቤቱ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

ከሳቁ ወደ ክርክር ለመግባት ጊዜ አልፈጀም። ያ ሁሉም የሚያስታውሰው ጨለማ የበዛበት ፊልም ተነሣ፤ ውኃ የሚሞላው የማዕድን ጉድጓድ፣ የብረት በሩን የሚዘጋው አለቃ፣ በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት፣ ከመስታወቷ ወዲያ የቀረው ሠራተኛ።

«አይቶት ነው የዘጋው! ዓይኑን ረሳኸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ቢከፍት ሁሉም ያልቁ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግሞስ ምን ታደርቀናለህ? ሟቹ ራሱ ‹ማንም የለም› ብሎ ተርጉሞልናል።»

ጥግ ይዞ የተቀመጠው የሟቹ ታላቅ ወንድም ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። የወንድሙ ልጅ ዕቃ ታጥባለች።

«አንቺ ቋንቋውን ተምረሻል፤ ያንን ፊልም ደግመሽ አይተሽዋል። ሰውየው በሩን ሲዘጋ ምን ነበር ያለው?»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። አጎቷ የፋብሪካ ቦይለር ሠራተኛ ነበር። እንፋሎቱ የፈነዳ ዕለት የቦይለር ክፍሉን የብረት በር ዘግቶ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ አተረፈ፤ ባልደረባው ግን ከውስጥ ቀረ። «ማንንም አላየሁም» ብሎ መሰከረ። ያመነው ሁሉ፣ ያ ምስኪን ሥራውን ጥሎ ተኝቶ ነበር አለ። የባልደረባው እናት ያንን ስም ተሸክመው እስከ ዛሬ አሉ። ፊልሙ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ አጎቷም ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቷ ወንድሙን እያየ ‹ማንም የለም› ብሎ ተረጎመ፤ ሕያው ሊያሳርፍ ብሎ ሙት በደለ።

ብትዋሽ የአባቷን ውሸት ማስቀጠሏ ነው። ብትነግረው ደግሞ ይህ ሽማግሌ ከእንግዲህ ምን ተንተርሶ ይተኛል? በልቧ አምላኳን ጠራች።

«‹ይቅር በለኝ› ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«አውቄዋለሁ። ወንድሜ ሲዋሽ ድምፁ ይወፍራል።» ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔም ባልደረባዬን አይቼዋለሁ። የእንፋሎቱን መዝጊያ ቫልቭ እያዞረ ነበር። እሱ ባይዘጋው የኔ በር ማንንም አያድንም። ዞሮ አየኝ። ልክፈት፣ አልክፈት... ዘጋሁት።»

«ቢከፍቱስ ኖሮ?»

«እሱን አንድዬ ነው የሚያውቀው። እኔ ዛሬም አላውቅም።»

«እናቱ ግን የሚያውቁት ልጄ ተኝቶ ሞተ የሚለውን ነው።»

«በስተርጅና ምን ፊት ይዤ ልሂድ?»

«ያለዎትን ፊት።»

ብርጭቆውን የሚያኖርበት ቦታ ፈለገ። ተቀብላ አስቀመጠችለት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እነግራቸዋለሁ። አብረሽኝ ነይ፤ ግን በአንዲት ቃል እንኳ እንዳታግዢኝ። በራሴ አፍ ይሁን።»

ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ቢል ጣቱ ማሰሪያውን አልይዝ አለው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተንበርክካ አሰረችለት።